«ኮብራ» የምትባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ታሪክ

የመርከብ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የምትነሣው በጦርነት ድል ያደረገችው ናት። እኔ የማወሳት መርከብ ግን በጠላት ላይ አንድም ጥይት አልተኰሰችም፤ የአገልግሎቷም ዘመን ቢቈጠር ከአንድ ሌሊት እምብዛም አያልፍም። ባሕርን በዓይኑ ያላየ ተማሪ ስለ ባሕር መርከብ ሲጽፍ ድፍረት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ታሪኳን ካነበብሁ ጀምሮ ከልቤ ስላልጠፋ፣ አንባቢ ይቅርታ ያደርግልኛል ብዬ አምናለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ ቶርፔዶ የተባለውን በውሃ ውስጥ ሄዶ የሚፈነዳ መሣሪያ የተሸከሙ ትናንሽ ፈጣን ጀልባዎች ታላላቆቹን የጦር መርከቦች ያስፈራሩ ጀመር። እንግሊዞችም እነዚህን ጀልባዎች አሳድዶ የሚያጠፋ ሌላ ዓይነት መርከብ አሰቡ፤ ስሙንም ዲስትሮየር፣ ማለት አጥፊ አሉት። የመጀመሪያዪቱ ሐቮክ በ1893 ባሕር ላይ ወረደች። ፍጥነቷ 26 ኖት ያህል፣ ማለት በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሰው ፍጥነት፣ ፍጥነት ማለት ጀመረ።

በዚሁ ዘመን ቻርልስ ፓርሰንስ የተባለ መሐንዲስ በ1884 የእንፋሎት ተርባይን ሠርቶ ነበር። የቀድሞው የእንፋሎት ሞተር ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ ሲሠራ፣ የፓርሰንስ ተርባይን ግን እንፋሎቱ ብዙ ስለታማ ክንፎችን እየመታ ዘንጉን በቀጥታ ያሽከረክረዋል። ፓርሰንስ ይህን ለባሕር ኃይሉ ያሳየበት መንገድ ያስቃል። በ1897 ለንግሥት ቪክቶሪያ 60ኛ የንግሥ በዓል መርከቦቹ በስፒትሄድ ተሰልፈው ሳለ፣ ተርቢኒያ የተባለች ትንሽ ጀልባው ሳትጠራ በመካከላቸው ትበር ጀመር፤ የጥበቃ ጀልባዎቹም ሊደርሱባት አልቻሉም።

ከዚህ በኋላ ተርባይን ያላቸው ሁለት ዲስትሮየሮች ተሠሩ፤ ስማቸውም የእባብ ስም ሆኖ ቫይፐርና ኮብራ ተባሉ። ቫይፐር በሙከራ ጊዜ ከ36 ኖት በላይ ሮጠች። ኮብራን ግን ማንም አላዘዛትም፤ በኤልስዊክ ያለው የአርምስትሮንግ ድርጅት ገዥ ይገኛል በሚል ተስፋ በራሱ ገንዘብ ሠራትና ባሕር ኃይሉ በ1900 ገዛት። ይህ ነገር ኋላ በፍርድ ቤት ተነሥቷል።

ቫይፐር በነሐሴ 3 ቀን 1901 በልምምድ ላይ ሳለች በጉም ተሸፍና በኦልደርኒ ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጭታ ጠፋች፤ ሰዎቿ ግን ሁሉም ዳኑ። ሰባት ሳምንት ሳይሞላ፣ በመስከረም 17 ቀን፣ ኮብራ ከታይን ወንዝ ተነሥታ ወደ ፖርትስመዝ ጉዞ ጀመረች። በላይዋ 79 ሰዎች ነበሩ፤ መርከበኞቹ ብቻ ሳይሆኑ ሞተሩን የሠሩት የድርጅቱ ሠራተኞችም፣ ከነሱም ጋር የፓርሰንስ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሮበርት ባርናርድ አብረው ተሳፍረዋል። ሌሊቱን ማዕበሉ በረታ። በማግሥቱ ጧት በሊንከንሺር ባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት፣ አውተር ዳውሲንግ ከሚባለው ስፍራ አጠገብ፣ መርከቢቱ ከወገቧ ለሁለት ተሰበረች።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ሽቦ ወስዶ ወዲያና ወዲህ ማጠፍ ይበቃል። ረጅምና ቀጭን መርከብ ማዕበሉ መካከሏን ሲያነሣ ጫፎቿ ይንጠለጠላሉ፤ ጫፎቿን ሲያነሣ ደግሞ ሆዷ ወደ ታች ይረግባል። ኮብራ 68 ሜትር ርዝመት ሲኖራት ስፋቷ ከ6 ሜትር እምብዛም አያልፍም ነበር፤ ለፍጥነት ሲባልም ብረቷ እጅግ ሳስቶ ነበር።

የዳኑት 12 ብቻ ናቸው፤ በአንዲት ትንሽ ጀልባ ተጣብቀው ሰዓታት ከቈዩ በኋላ የምታልፍ መርከብ አነሣቻቸው። አዛዡ ሌተናንት ቦስዎርዝ ስሚዝና ባርናርድ ከ67ቱ ሟቾች መካከል ነበሩ።

የተሰበሰበው የጦር ፍርድ ቤት መርከቢቱ ከምንም ነገር ጋር አልተጋጨችም፤ የጠፋችው በአካሏ ደካማነት ነው፤ ከሌሎቹ ዲስትሮየሮችም ደካማ ስለነበረች መገዛቷ ያሳዝናል ብሎ ፈረደ። ሠሪዎቹ ግን በባሕር ላይ ከሚንሳፈፍ ስባሪ ጋር ተጋጭታ ይሆናል እያሉ ተከራከሩ። ነገሩን ለመመርመር ወልፍ የተባለችውን ሌላ ዲስትሮየር በመትከያ ውስጥ አንድ ጊዜ ከመካከሏ፣ አንድ ጊዜ ከጫፎቿ ደግፈው የብረቷን መወጠር ለኩ፤ ወልፍም ፈተናውን ቻለች። ይህ የሠሪዎቹን ክርክር የሚረዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ወልፍ ኮብራ አይደለችም፤ ስለዚህ እኔ በበኩሌ ፍርዱን እቀበላለሁ። ከ1903 ጀምሮ የወጡት የሪቨር ክፍል ዲስትሮየሮች ፍጥነታቸው ወደ 25 ኖት ገደማ ወርዶ አካላቸው ጠነከረ።

መርከበኞቹ ግን ምክንያቱን በስሙ ላይ አደረጉት። ሰርፐንት፣ ማለት እባብ የተባለችው መርከብም በ1890 በስፔን ዳርቻ ከ173 ሰዎች ጋር ጠፍታ ነበርና። ብረት ስሙን አይሰማም፤ ቢሆንም በተርባይን የምትሠራው ሦስተኛዪቱ ዲስትሮየር መጀመሪያ ፓይተን ተብላ ሳለ፣ ባሕር ኃይሉ በ1902 ሲገዛት ቬሎክስ ተብላ ተጠራች። ተርባይኑን ማንም አልከሰሰውም። የኤልስዊክ መርከቦች ነዳፊ የነበረው ፊሊፕ ዋትስም በ1902 የባሕር ኃይሉ መርከቦች አሠራር ዋና ኃላፊ ሆኖ፣ በ1906 የተፈጸመችውን ታላቋን ድሬድኖት በተርባይን እንድትንቀሳቀስ አድርጎ ሠራት። ቬሎክስ እስከ 1915 ካገለገለች በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈንጂ መትቷት ሰጠመች።