የቡድን ስም ማጥፋት፦ ስድቡ ሲሰፋ ከሳሽ ሲጠፋ

«የእዚያ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሌቦች ናቸው» ተብሎ ጋዜጣ ላይ ቢወጣ፣ ከሠራተኞቹ አንዷ «ስሜ ጠፍቷል» ብላ መክሰስ ትችላለች? ማንንም በስም ሳይጠራ ሰዎችን በጅምላ የሚያዋርድ እንዲህ ያለ ንግግር «የቡድን ስም ማጥፋት» ቢባል ይስማማዋል።

በአሜሪካ ሕግ ከሳሽ በቅድሚያ ማስረዳት ያለበት፣ የተባለው ነገር በእርግጥ እርሱን የሚመለከት መሆኑን ነው። ክርክሩ ሁሉ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኒውዮርክ ያለ ፌዴራል ፍርድ ቤት ያየው የኒማን ማርከስ ጉዳይ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አንድ መጽሐፍ ዳላስ በሚገኘው በዚህ ትልቅ መደብር የሚሠሩትን ሰዎች በነውር አነሣ። ከ25 ወንድ ሻጮች 15ቱ ከሰሱ፤ ክሳቸው እንዲቀጥል ተፈቀደ። ሴት ሻጮቹ ግን 382 ነበሩ። ከእነርሱ 30ዎቹ ያቀረቡት ክስ ውድቅ ሆነ፤ በዚህ ሁሉ ብዛት መካከል ነገሩ አንዷን ለይቶ ይነካል ማለት አይቻልም ተባለ። እኔን የሚከነክነኝ ይህ ነው፤ ተሳዳቢው ብዙ ሰው ባዋረደ ቁጥር ከተጠያቂነት ይርቃል።

በእርግጥ ገደቡ ያለ ምክንያት አልመጣም። በሺህ የሚቆጠር ሰው ሁሉ መክሰስ ቢችል «ፖሊሶች ጉቦ ይበላሉ» ብሎ የሚጽፍ ጋዜጠኛ አይኖርም።

ደግነቱ ሁሉም ዳኞች ቁጥር ቆጥረው አያቆሙም። አንድ መጽሔት የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ የ1956 የፉትቦል ቡድን ተጫዋቾች አበረታች መድኃኒት ይጠቀማሉ የሚል ጽሑፍ አወጣ። ለተጫዋቾቹ ይረጭላቸው የነበረው ግን የአፍ ድርቀት ማስታገሻ ፔፐርሚንት ነበር። ቡድኑ 60 ያህል ተጫዋቾች ነበሩት። በአብዛኞቹ ግጥሚያዎች የተሰለፈ አንድ ተጫዋች ከሰሰ፤ የተፈረደለትን 75,000 ዶላር ካሳም የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1962 አጸናለት። ቡድኑን የሚከታተል ሰው ጽሑፉን ሲያነብ ይህ ልጅ ፊቱ ላይ ድቅን ይልበታል። ትክክለኛው መለኪያ ይህ ይመስለኛል፦ የሚያውቁት ሰዎች ስድቡን ሲሰሙ እርሱን ያስባሉ ወይ?

በእኛ አገር የቡድን ስም ማጥፋትን ከጥላቻ ንግግር ጋር አንድ የሚያደርጉት አሉ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳተኝነት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻ የሚነዛን ሰው በወንጀል ይቀጣል። ሙያ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ «ሌቦች» የተባሉት ሠራተኞች መፍትሔ መፈለግ ያለባቸው በስም ማጥፋት ሕግ በኩል ነው።