መድኃኒትን በቀጥታ ወደ ሆድ ዕቃ፦ የአንድ ሕክምና ታሪክ

በአዲስ አበባ የሚገኘው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1972 ተከፍቶ፣ በ1997 የጨረር ሕክምና ከጀመረ ወዲህ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ የካንሰር ሕሙማን ዋና መድረሻ ሆኖ ኖሯል። በዚያም ሆነ በሌሎች ሆስፒታሎች ኬሞቴራፒ፣ ማለትም የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድል መድኃኒት፣ በአብዛኛው የሚሰጠው በደም ሥር ነው። ይሁን እንጂ በሽታው የሆድ ዕቃን የሚያለብሰውን ስስ ሽፋን፣ ፔሪቶኒየምን፣ ሲወር በደም የሚጓዘው መድኃኒት በበቂ መጠን ስለማይደርሰው፣ ሐኪሞች ደሙን ትተው መድኃኒቱን በቀጥታ ሆድ ውስጥ ለማፍሰስ ሲሞክሩ ኖረዋል።

የሙከራው ሥር ከኬሞቴራፒ መፈጠር በፊት ይጀምራል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ክሪስቶፈር ዋሪክ ውሃ የቋጠረ ሆድ ለማከም ቀይ የወይን ጠጅ ከብሪስቶል የምንጭ ውሃ ጋር ቀላቅሎ ወደ አንዲት ታካሚ ሆድ ማስገባቱን እ.ኤ.አ. በ1744 አሳውቋል፤ ድፍረቱ ዛሬም ያስደነግጣል። በ1950ዎቹ ከጦር መሣሪያ ጋዝ ምርምር የተገኘው ናይትሮጅን መስታርድ ለዚሁ ዓላማ ዋለ። ሳይንሳዊ ምክንያቱ ግን የተብራራው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ አሜሪካዊው ሮበርት ዴድሪክና ባልደረቦቹ አንዳንድ መድኃኒቶች ከሆድ ወደ ደም የሚያልፉት በዝግታ፣ ከደም የሚወገዱት ደግሞ በፍጥነት በመሆኑ ሆዱ ከሌላው አካል እጅግ የላቀ መጠን ሊያገኝ እንደሚችል አሳዩ። ሆኖም መድኃኒቱ ዕጢ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ዕጢውን በቀዶ ሕክምና ማሳነስ አብዛኛውን ጊዜ ያስፈልጋል።

መድኃኒቱን ወደ ሆድ የማስገቢያ መንገዶች ሦስት ናቸው፤ የመጀመሪያው ቱቦ ነው። ከጎድን አጥንት ላይ፣ ከቆዳ ሥር፣ ፖርት የተባለች ትንሽ መቀበያ ትቀበርና ከእርሷ የሚነሣው ቱቦ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ በ2 ሊትር ገደማ የሞቀ ፈሳሽ የተበረዘው መድኃኒት በዚያ ከፈሰሰ በኋላ፣ ሁሉንም ጥግ እንዲያዳርስ ታካሚዋ ከጎን ወደ ጎን ትገላበጣለች። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ በሆነ የአሜሪካ ጥናት በማሕፀን እንቁልጢ ካንሰር ከተያዙት መካከል በዚህ መንገድ ጭምር የታከሙት ሴቶች በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ ከ49.7 ወደ 65.6 ወራት ከፍ ሲል፣ የታቀዱትን ስድስት ዙሮች በሆድ በኩል የፈጸሙት ግን 42 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሕመሙ፣ የቱቦው መደፈንና ኢንፌክሽኑ ብዙዎችን አስቁሟቸዋል። በኋላ የወጣ ሌላ ትልቅ ጥናት ብልጫውን አላረጋገጠም፤ ያም ሆኖ ዘዴው ከመድኃኒቱ ይልቅ በቱቦው ተሰናከለ ማለት ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ ሙቀት ነው። ጆን ስፕራት እ.ኤ.አ. በ1980 በሉዊቪል የሞቀ መድኃኒት በሰው ሆድ ውስጥ ማዘዋወሩን ካሳወቀ በኋላ፣ ፖል ሹገርቤከር ዘዴውን ከሰፊ ቀዶ ሕክምና ጋር አቆራኝቶ አስፋፋው። ፈሳሹ ከ41 እስከ 43 ዲግሪ ሞቆ በፓምፕ ሲዘዋወር፣ በክፍቱ አሠራር ቀዶ ሐኪሙ እጁን አስገብቶ አንጀቱን እያገላበጠ ያማስለዋል፤ በዝጉ አሠራር ቆዳው ተሰፍቶ ሆዱ ከውጭ ይነቀነቃል። ክፍቱ እኩል ያዳርሳል፤ ዝጉ ሙቀቱን ይጠብቃል፣ ሠራተኞችንም ከመድኃኒቱ ይጋርዳል። ውጤቱ ግን እንደ በሽታው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የኔዘርላንድስ ጥናት ሲስፕላቲን ለ90 ደቂቃ የተሰጣቸው የእንቁልጢ ካንሰር ታካሚዎች በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ ከ33.9 ወደ 45.7 ወራት ሲያድግ፣ በፈረንሳይ በትልቁ አንጀት ካንሰር ላይ ኦክሳሊፕላቲን ለ30 ደቂቃ ሲሰጥ ጭማሪው ከ41.2 ወደ 41.7 ወራት ብቻ ሆነ። ዘዴው ለሁሉም ዓይነት ካንሰር እኩል እንደማይሠራ ይህ ይጠቁማል።

ሦስተኛው በጀርመን በማርክ ሬይሞንድ እ.ኤ.አ. በ2011 በታካሚ ላይ የተጀመረው የርጭት ዘዴ ነው። ሆድ በጋዝ ተነፍቶ በጠባብ ቀዳዳ መድኃኒቱ እንደ ጉም ይረጫል፤ መጠኑ ከተለመደው በእጅጉ ያነሰ ሆኖ በየስድስት ሳምንቱ ሊደገም ይችላል። በርጭቱ 30 ደቂቃ ሠራተኞቹ ክፍሉን ለቀው ማሽኑን ከርቀት ስለሚያዙት፣ አየር የማያሾልክ መሣሪያና ተገቢ የቀዶ ሕክምና ክፍል ያስፈልጋል። ከሦስቱ ውድ ማሽን የማይጠይቀው ቱቦው ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚፈልገው የተረፈው ዕጢ ከ1 ሴንቲሜትር ያልበለጠላትን ታካሚና ፖርቱን በየዙሩ የሚከታተል የሠለጠነ ነርስ ነው።