ሜዳው ሲሰፋ
የአሜሪካ ኮሌጅ ተከላካዮች የተበተነውን አጥቂ እንዴት ተማሩት?

ታሪክ በጦር ሜዳና በቤተ መንግሥት ብቻ የሚሠራ የሚመስለን ብዙ ነን። ሰው ተሰልፎ በሚታገልበት ቦታ ሁሉ ግን ታሪክ አለ። በጨዋታ ሜዳም ቢሆን ደካማው አዲስ ነገር ይፈጥራል፤ ብርቱው ይናደዳል፤ ቀጥሎ ለመከልከል ይሞክራል፤ መከልከሉ ካልሆነለት ደግሞ ራሱ ይወስደዋል። ይኸን አባባሌን ለማስረዳት የመረጥኩት ምሳሌ ለብዙዎቻችን እንግዳ የሆነውን የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ነው። «ያ ኳሱ እንቁላል የሚመስለው፣ የራስ ቁር አጥልቀው የሚላተሙበት?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ እሱኑ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

በቅድሚያ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። በየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። አጥቂው በ4 ሙከራ ውስጥ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህል፣ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱን ያስረክባል። በየሙከራው ጨዋታው ይቆምና ሁለቱም ወገን እንደገና ይሰለፋል። ስለዚህ ከእኛው እግር ኳስ ይልቅ ወደ ጦር ስልት ይጠጋል። የአጥቂው አዛዥ ኳርተርባክ ይባላል፤ ኳሱን ተቀብሎ ወይ ለሯጭ ያቀብላል፣ ወይ በእጁ ወደ ፊት ይወረውራል። ወደ ፊት መወርወር የተፈቀደው በ1906 ነው። ከዚያ በፊት ጨዋታው በጅምላ መገፋፋት ነበርና ወጣቶች ሜዳ ላይ እየሞቱ አስቸገረ፤ በ1905 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት እንኳ ሳይቀሩ የኮሌጆቹን ሰዎች ጠርተው አነጋግረዋል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ትክክል ነው። ግን ድሩ ጥቂት፣ አንበሳውም ብዙ ሲሆን ምን ይደረጋል? ይኸ ጥያቄ የገጠማቸው ልጆች ነበሩ። በቴክሳስ፣ በፎርት ወርዝ ከተማ፣ ሜሶኒክ ሆም የሚባል የወላጅ አልባ ልጆች ትምህርት ቤት ነበር። በ1927 ረስቲ ራስል የተባለ አሠልጣኝ እዚያ ገባ። ልጆቹ ጥቂት ናቸው፤ ኪሎም የላቸውም፤ የሚገጥሟቸው ግን ከትልልቅ ትምህርት ቤቶች የመጡ ግዙፎች ናቸው። ተሰብስበው ቢጋፉ እንደሚደቆሱ ግልጽ ነው። ራስል ታዲያ ከማበር ይልቅ መበተንን መረጠ። ተጫዋቾቹን በሜዳው ስፋት ዘረጋቸው፤ ግዙፉ ተከላካይ በጉልበቱ ሳይሆን በእግሩ እንዲታገል አስገደደው። በዚያው ከተማ የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ የነበረው ደች ማየር ደግሞ ስለ ተዘረጋው አሰላለፍ በ1952 መጽሐፍ አሳተመ። በ1958 በኦሃዮ፣ በሚድልታውን ከተማ፣ ታይገር ኤሊሰን የተባለ የሁለተኛ ደረጃ አሠልጣኝ ሽንፈት ሲደራረብበት ተጫዋቾቹን ወደ ዳርና ዳር በትኖ ተስፋውን መለሰ። ልብ በሉ! ይኸ ነገር በየጊዜው የሚወለደው ከተቸገረ ሰው ቤት ነው። ዛሬ «ስፕሬድ» እየተባለ የሚጠራው የማጥቃት ስልት ዘሩ ይኸው ነው።

ለመሆኑ መበተን ምን ይጠቅማል? ሁለት ነገር ልጥቀስ፤ አንዱ ስፋት፣ ሁለተኛው ሒሳብ ነው።

ሜዳው 160 ጫማ፣ ወደ 49 ሜትር፣ ስፋት አለው። ኳሱ የሚነሣው በሜዳው መካከል ከሚገኙ ሁለት የጭረት መስመሮች ላይ ወይም በመካከላቸው ነው። በኮሌጅ ጨዋታ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ1993 ጀምሮ 40 ጫማ ነው። ኳሱ በአንዱ ጭረት ላይ ካረፈ በአንድ በኩል 60 ጫማ፣ በሌላው 100 ጫማ ሜዳ ይቀራል። ይኸን ሰፊ ወገን የሚጠብቅ ተከላካይ ወይ ፈጣን መሆን አለበት፣ ወይ መጸለይ አለበት።

ሒሳቡ ደግሞ እንዲህ ነው። በድሮው አጨዋወት ኳርተርባኩ ኳሱን ለሯጩ ካቀበለ በኋላ ቆሞ ያያል። ሯጩ ኳሱን ይዟል። ስለዚህ መንገድ የሚጠርጉለት 9 ሰዎች ናቸው፤ ተከላካዮቹ ግን 11። ሁለት ሰው ተረፈ ማለት ነው። በ1990ዎቹ በዌስት ቨርጂንያ፣ ግሌንቪል ስቴት በምትባል ትንሽ ኮሌጅ፣ ሪች ሮድሪገዝ የተባለ ወጣት አሠልጣኝ ይኸን ሒሳብ የሚያፈርስ ነገር አገኘ። እሱ ራሱ እንደተናገረው ነገሩ የመጣው በስሕተት ነው። በልምምድ ላይ ኳርተርባኩ ኳሱን ማቀበል ሲገባው ይዞት ሮጠ። ለምን ሲባል፣ የዳሩ ተከላካይ ወደ ሯጩ ሲጣደፍ ስላየሁ ነው አለ። አሠልጣኙ አልተቆጣም፤ ይልቁንም ከስሕተቱ ስልት ሠራ። የዳሩን ተከላካይ ሆን ብለው ማንም ሳይነካው ይተዉታል። ወደ ሯጩ ከሄደ ኳርተርባኩ ኳሱን ይዞ እሱ በለቀቀው በኩል ይወጣል፤ ባለበት ከቆመ ኳሱ ለሯጩ ይሰጣል። ሰውዬው ምንም ቢያደርግ ስሕተተኛ ነው! ሁለት ትርፍ የነበረው ተከላካይ አንድ ብቻ ቀረው፤ እሱም ከኋላ ርቆ የሚቆመው።

ትልልቆቹ ይኸን የትንሽ ኮሌጅ ብልሃት ለጊዜው ንቀውት ነበር። ኅዳር 4 ቀን 2000 በተደረገው ግጥሚያ ኖርዝዌስተርን በዚሁ ስልት ሚሺጋንን 54 ለ 51 አሸነፈ። በመስከረም 1 ቀን 2007 ደግሞ የባሰ መጣ። አፓላቺያን ስቴት የተባለ ከዝቅተኛው ዲቪዚዮን የመጣ ቡድን፣ በአገሪቱ 5ኛ ተብሎ የተመደበውን ሚሺጋንን በገዛ ሜዳው፣ ከ109,000 በላይ ተመልካች ፊት፣ 34 ለ 32 ረታው። ሚሺጋንም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሮድሪገዝን አሠልጣኝ አድርጎ ቀጠረው። ያልቻልከውን ጠላት ወደ ቤትህ ጥራው ነው ነገሩ።

የኔ ጽሑፍ ግን በዋናነት ስለ ተከላካዮቹ ነው። እነሱስ ምን አደረጉ?

የመጀመሪያው መልስ የሰው ለውጥ ነው። መሀሉን የሚጠብቀው ከባድ ሰው፣ ላይንባከር የሚባለው፣ አንዱ ይወጣና በምትኩ ቀለል ያለ ሯጭ ተከላካይ ይገባል። ጋሪ ፓተርሰን በቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ በፊት 4፣ በመሀል 2፣ በኋላ 5 ሰው የሚያሰልፈውን ዘዴ ቋሚ አደረገው። ቡድኑ በጥር 1 ቀን 2011 ዊስኮንሲንን 21 ለ 19 አሸንፎ የውድድር ዘመኑን ያለ ሽንፈት ፈጸመ።

ሁለተኛው መልስ የሥራ ክፍፍል ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ በመስመሩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ክፍተት አንድ ባለቤት ይሰጠዋል። እኔ የማደንቀው ለግሌንቪሉ ብልሃት የተሰጠውን ምላሽ ነው። የዳሩ ተከላካይ ወደ ሯጩ ይጣደፋል፤ ኳርተርባኩም «አሁን ገባልኝ!» ብሎ ኳሱን ይዞ ይወጣል። ግን ከመሀል የተነሣ ላይንባከር ዞሮ በዚያው በተለቀቀው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። አየህ፣ አጥቂው የሚያነበው የተከላካዩን ሰውነት ነውና፣ ተከላካዩ ሐሰተኛ ንባብ ጻፈለት ማለት ነው።

ሦስተኛው መልስ ትዕግሥት ነው። በ2017 የአዮዋ ስቴት የመከላከል አሠልጣኝ ጆን ሂኮክ ከፊት 3 ሰው ብቻ አስቀርቶ፣ በጥልቁ ሦስት ሴፍቲ አቆመ። አብዛኛውን ጊዜ 3 ሰው ይገፋል፤ 8 ሰው ሜዳውን ይጠብቃል። የመሀሉ ሴፍቲ ከሩቅ ቆሞ ይመለከትና ሩጫ ከሆነ ዘግይቶ ይወርዳል፤ ስለዚህ ኳርተርባኩ ሰው ሲቆጥር ሒሳቡ ይሳሳትበታል። አጭሩን ይሰጡታል፤ ረጅሙን ይከለክሉታል። «ትንሽ ትንሽ ብላ፣ አንዴ እስክትሳሳት እንጠብቅሃለን» እንደማለት ነው። በዚያው ጥቅምት 7 ቀን አዮዋ ስቴት 3ኛ የነበረውን ኦክላሆማን በሜዳው 38 ለ 31 አሸነፈ፤ በ28ኛው ቀን ደግሞ 4ኛ የነበረውን ቴክሳስ ክርስቲያንን 14 ለ 7። መበተን የድኻው ብልሃት እንደነበረ ሁሉ፣ መበተንን ማሰሪያውም ስመ ጥር ተጫዋች ከማይጎርፍበት ቤት መምጣቱን ልብ ይሏል።

እነዚህ ነገሮች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀላል ናቸው። ችግሩ ያለው በጊዜው ላይ ነው። ከ1991 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋች በሳምንት ከ20 ሰዓት፣ በቀን ከ4 ሰዓት በላይ እንዳይለማመድ በደንብ ተወስኗል። በዚች ጠባብ ጊዜ ውስጥ የተጋጣሚው ፊልም ይታያል፤ አሰላለፉ ይጠናል፤ ቀጥሎም በሜዳ ላይ ይሞከራል። ታዲያ በሜዳ ላይ ተጋጣሚውን የሚሆነው ማነው?

እዚህ ላይ ነው እኔን የያዘኝ ነገር። በየቡድኑ «ስካውት ቲም» የሚባል ወገን አለ። አዲስ ገቢዎች፣ ተጠባባቂዎች፣ በተለይም ያለ ስኮላርሺፕ በፈቃዳቸው የሚጫወቱ ተማሪዎች ይገኙበታል። አሠልጣኙ የተጋጣሚው አሰላለፍ የተሳለበትን ካርድ ከፍ አድርጎ ያሳያቸዋል፤ እነሱም በዚህ ሳምንት አንዱን፣ በሚቀጥለው ሌላውን ቡድን ሆነው ይጫወታሉ። በየቀኑ ይመታሉ፤ ይወድቃሉ፤ ይነሣሉ። ቅዳሜ ግን ብዙዎቹ ከመስመር ውጭ ቆመው ያያሉ። ያ ላይንባከር በለቀቀው በር ላይ ቆሞ ኳርተርባኩን የያዘው፣ ማክሰኞና ረቡዕ ስሙ የማይታወቅ አንድ ልጅ ያንኑ ሩጫ ደጋግሞ ስለሮጠለት ነው። የጋዜጣው ርእስ ግን ስለ ላይንባከሩና ስለ አሠልጣኙ ይጽፋል።

አሁን ወደ ብርቱዎቹ እንመለስ። የአላባማው አሠልጣኝ ኒክ ሴበን የዘመኑ ባለ ብዙ ድል ነበር። የስፕሬድ ቡድኖች ሳይመካከሩ፣ ሳይዘገዩ፣ ተከላካዩ ሰው እንኳ ሳይቀይር በላይ በላዩ ማጥቃት ሲጀምሩ፣ በ2012 ፉትቦል እንዲህ እንዲሆን እንፈልጋለን ወይ ሲል በይፋ ጠየቀ። በየካቲት 2014 የደንብ ኮሚቴው አጥቂው ኳሱን ከማንቀሳቀሱ በፊት 10 ሰከንድ እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ሐሳብ አቀረበ፤ ምክንያቱ የተጫዋቾች ደኅንነት ነው ተባለ። ተቃውሞው በረታና በመጋቢት ቀረ። ሴበን ምን አደረገ? በዚያው 2014 ሌን ኪፈንን የማጥቃት አሠልጣኝ አድርጎ ያወገዘውን ስልት ራሱ ያዘው። የ2020ን የውድድር ዘመን ያለ ሽንፈት ፈጽሞ፣ በጥር 2021 የፍጻሜውን ጨዋታ ኦሃዮ ስቴትን 52 ለ 24 አሸነፈ። ተሳስቷል አልልም፤ እንዲያውም ከዘመኑ ጋር መለወጡ ብልህነት ነው። ግን የፎርት ወርዙ ወላጅ አልባ ልጆች መሣሪያ በመጨረሻ በማን እጅ እንደገባ እንይ። ብልሃቱን ሁሉም ካወቀው በኋላ የሚያሸንፈው እንደገና ግዙፉና ሀብታሙ ነው።

ብርቱው ብልሃቱን ወሰደ፤ የብልሃቱን ሠራተኞችስ? ለብዙ ዘመን ኮሌጆቹ ለ85 ተጫዋች ስኮላርሺፕ ይሰጡ ነበር፤ በፈቃዳቸው የሚጫወቱት ከዚያ በላይ ነበሩ። በሰኔ 2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ኮሌጆች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ ገንዘብ መክፈል ጀመሩ። ይኸ ለብዙዎች የዘገየ ፍትሕ ነው፤ እኔም እደግፋለሁ። ነገር ግን በዚያው ስምምነት የገቡት ኮሌጆች የቡድናቸው ቁጥር በ105 እንዲወሰን ተደረገ። በቡድን ውስጥ አስቀድሞ ለነበሩት ልዩ ፈቃድ ቢወጣም፣ ለወደፊቱ በሩ የጠበበው በእነማን ላይ እንደሆነ መናገር አያሻም፤ ካርዱን እያዩ ሌላውን ሆነው በሚጫወቱት ላይ ነው።

ጓደኞቼ፣ እኛ የታሪክ ተማሪዎች በፈተና ወረቀት ላይ የአሸናፊውን ስምና የድሉን ቀን መጻፍ ለምደናል። እኔም ከዚህ በላይ ይኸንኑ ሳደርግ ቆየሁ፤ ስሞቹን ቁጠሩልኝ፣ አብዛኞቹ አሠልጣኞች ናቸው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አቧራ ለብሶ ሃያ ጊዜ የወደቀውን ልጅ ስም ግን እኔም አልጻፍኩም፤ ከመዝገብ አላገኘሁትምና። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ የትኛውም ድል ስናነብ፣ ስለ ዐድዋም ይሁን ስለ ኳስ፣ «ለዚህ ቀን ያለማመዳቸው ማነው?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ባይገኝ እንኳ ጥያቄው መጻፍ አለበት።