ኦድሪ ሄፕበርን

ኦድሪ ሄፕበርን (1929–1993 እ.ኤ.አ.) በሆሊውድ ወርቃማ ዘመን ስማቸው ከገነነ ተዋናዮች አንዷ ናት። የተወለደችው ቤልጅየም፣ ብራስልስ ውስጥ ሲሆን እናቷ ሆላንዳዊት ባሮነስ ነበሩ። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ያሳለፈችው ናዚዎች በያዟት ሆላንድ፣ በአርነምና በአካባቢዋ ነው። በ1944 መጨረሻ በገባው የረሃብ ክረምት ከሕዝቡ ጋር ተራበች፤ ይህ ረሃብ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ከልቧ አልወጣም።

ከጦርነቱ በኋላ ለንደን ሄዳ ባሌ ብትማርም ቁመቷና በረሃብ የተጎዳው ሰውነቷ ለዋና ዳንሰኛነት አላበቋትም። ወደ ትወና ዞረች። በ1951 በብሮድዌይ «ጂጂ»ን ተጫወተች፤ በ1953 በወጣው «ሮማን ሆሊዴይ» ከአገሯ ኤምባሲ ሾልካ የጠፋችውን ልዕልት ሆና የኦስካር ሽልማት ወሰደች። «ሳብሪና»፣ «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» እና «ማይ ፌር ሌዲ» ተከተሉ። በ«ማይ ፌር ሌዲ» አብዛኛውን ዘፈን በድምፅ የተካቻት ማርኒ ኒክሰን ናት። የትወናዋ ጥልቀት ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው ግን በ1959ኙ «ዘ ነንስ ስቶሪ» ነው፤ የመነኩሲቷን የውስጥ ትግል በዓይኗና በዝምታዋ ብቻ ታሳያለች።

ከፊልሙ ዓለም ባሻገር ለተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) ሠርታለች፤ የመጀመሪያ የመስክ ጉዞዋንም ያደረገችው በመጋቢት 1988 ወደ ኢትዮጵያ ነበር። ድርቅና ጦርነት በተደራረቡበት በዚያ ወቅት መቐለ ደርሳ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ጎበኘች፤ ተመልሳም ያየችውን በየአገሩ ለጋዜጠኞች ተናገረች። በ1992 ሶማሊያን ጎበኘች። በጥር 1993 ስዊዘርላንድ ውስጥ በካንሰር አረፈች።