ጠፍር አልጋ

ጠፍር አልጋ ከከብት ቆዳ በተተለተለ ጠፍር በእንጨት ቋሚና አግዳሚ ላይ ተጠላልፎ የሚሠራ የኢትዮጵያ ባህላዊ መኝታ ነው። ጥሬ ቆዳው በውኃ ይርሳል፤ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ይተለተላል፤ ርጥብ እንዳለ ይጠለፋል። ሲደርቅ ይኮማተርና እንደ ከበሮ ይወጠራል። የአልጋው ብልሃት እዚህ ላይ ነው፦ የረገበው ጠፍር እንደገና ይርሳል፣ ይሳባል፣ ይጠብቃል፤ የተበጠሰው ብቻ ይለወጣል፤ እንጨቱ ግን ይቆያል። የቺፕውድ (የተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ) አልጋ ግን ውኃ ከነካው አብጦ ይፈርሳል፤ እንዲህ ያለ ጥገናም አይቀበልም።

ሌሊት መኝታ የሆነው ቀን ቁርበት ወይም ጋቢ ተነጥፎበት የእንግዳ መቀመጫ ይሆናል፤ ከሥሩ ዕቃ ይቀመጣል። ለጠባብ የኮንዶሚኒየም ክፍልም ይኸው ይበጃል። በጠፍሮቹ መካከል አየር ስለሚያልፍ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ለምትገኘው ሞቃታማዋ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ለባቱ ይስማማል።

በባቱና በደምበል (ዝዋይ) ሐይቅ ዙሪያ የግራሩ ደን በከሰልና በእርሻ ክፉኛ ሳስቷል። ስለዚህ የአካባቢው አናጢዎችና የሙያ ማሠልጠኛዎች እንጨቱ የሚቆይበትን ይህን የጠፍር አልጋ አሠራር ከአረጋውያን እጅ ሳይጠፋ ሊማሩት ይገባል።