የመካከለኛው መጽሐፍ ታሪክ

የረጅም ታሪክ መጀመሪያ ሁሉም ይወደዋል፤ መጨረሻውንም ለማወቅ ሁሉም ይጓጓል። መካከሉ ግን ብዙ ጊዜ እንደ መሸጋገሪያ ድልድይ ብቻ ይቈጠራል። ባለ ሦስት ቅጽ ልብ ወለድ ሲያነቡ ሁለተኛውን ቅጽ በችኰላ የሚያልፉት ተማሪዎች ጥቂቶች አይደሉም። ይህ አስተያየት ትክክል አለመሆኑን የእንግሊዛዊው ደራሲ የቶልኪን «ሁለቱ ግንቦች» የተባለው መጽሐፍ ታሪክ ያስረዳናል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቶልኪን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ መምህር ነበር። በ1936 «ሆቢት» የተባለውን የልጆች መጽሐፍ ረቂቅ ለአሳታሚው ለስታንሊ አንዊን ባቀረበ ጊዜ፣ አሳታሚው የዐሥር ዓመት ልጁን ሬይነርን እንዲያነበው አደረገ። ልጁም መጽሐፉ ለልጆች መልካም መሆኑን ጻፈ፤ ለድካሙም አንድ ሽልንግ ተከፈለው። መጽሐፉ በ1937 ታትሞ ስለ ተወደደ አሳታሚው ተከታይ እንዲጻፍለት ጠየቀ። ቶልኪንም በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለውን ሥራ ጀመረ።

ሥራው ግን እንደ ታሰበው ቶሎ አልተፈጸመም። በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ ጽሕፈቱም ብዙ ጊዜ ተቋረጠ። የመካከለኛውን መጽሐፍ ሁለተኛ አጋማሽ ቶልኪን የጻፈው በ1944 በአፕሪልና በሜይ ወር ነው። በዚያን ጊዜ ልጁ ክሪስቶፈር በእንግሊዝ አየር ኃይል ገብቶ በደቡብ አፍሪካ ይሠለጥን ስለ ነበር፣ አባቱ ምዕራፎቹን በየተራ ይልክለት ነበር።

እንግዲህ በነዚህ ምዕራፎች ውስጥ የሚነገረውን እንመልከት። ፍሮዶና ታማኝ አገልጋዩ ሳም ክፉውን ቀለበት ለማጥፋት ወደ ጠላት አገር ይጓዛሉ። መንገድ የሚመራቸው ጎለም የሚባል፣ ቀለበቱን ለረጅም ዘመን ይዞ ነፍሱ የተበላሸች ፍጡር ነው። ሊገድሉት ሲችሉ ፍሮዶ ይራራለታል። በገደሉ ደረጃ ላይ ዐርፈው ሳሉ ሳም ስለ ጥንት ታሪኮች ያነሣል። አሳቡም በታሪክ የሚዘከሩት ሰዎች ወደ ኋላ ለመመለስ ዕድል እያላቸው አለመመለሳቸውን፣ በመካከሉ ሳሉም ፍጻሜውን አለማወቃቸውን የሚገልጽ ነው።

ይህ ሲጻፍ በጁን 6 ቀን 1944 የተደረገው የኖርማንዲ ዘመቻ ገና አልተጀመረም ነበር። የጦርነቱን ፍጻሜ ጸሐፊው አባትም ሆነ ወታደሩ ልጅ አያውቁም ነበር። እርግጥ ነው፣ ቶልኪን በኋላ በሁለተኛው እትም መቅድም ታሪኩ የጦርነቱ ምሳሌ አለመሆኑን ገልጿል። ነገር ግን ስለ መካከለኛው መንገድ የጻፈው ራሱ በመካከል ሳለ መሆኑ አይካድም።

ጠቅላላው ሥራ በ1949 ቢያልቅም መታተም የጀመረው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወረቀት ተወድዶ ነበር፤ ድርሰቱም እጅግ ረጅም ነበር። ደራሲው አንድ ሥራ ነው ቢልም፣ ዋጋው ከአንባቢ ዐቅም በላይ እንዳይሆን በሦስት ተከፍሎ እያንዳንዱ ቅጽ በ21 ሽልንግ ተሸጠ። ለዚህ የደከመው ያ በልጅነቱ አንድ ሽልንግ የተከፈለው ሬይነር አንዊን ነበር። ድርጅቱ 1,000 ፓውንድ ሊከስር እንደሚችል ለአባቱ አስታውቆ ፈቃድ አገኘ።

የመጀመሪያው ቅጽ በጁላይ 29 ቀን፣ «ሁለቱ ግንቦች» በኖቬምበር 11 ቀን 1954 ወጡ። በታሪኩ ውስጥ ብዙ ግንቦች ስላሉ፣ ሁለቱ የትኞቹ እንደ ሆኑ ደራሲው ራሱ አመንትቶ ነበር። መጽሐፉ የሚያበቃው ፍሮዶ በጠላት እጅ ሲወድቅ ነው፤ ሦስተኛው ቅጽ ደግሞ እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 1955 ዘገየ። ስለዚህ የዚያን ጊዜ አንባቢዎች ዐሥራ አንድ ወር ያህል ፍጻሜውን ሳያውቁ ቈዩ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። የሰው ጽናት የሚፈተነው የመነሻው ደስታ ካለፈ በኋላ፣ የመድረሻው ብርሃን ገና ሳይታይ ነው። እኛ ተማሪዎችም የመጀመሪያውን ቀን ጉጉት ትተን፣ የመጨረሻውን የምስክር ወረቀት ሳንጨብጥ በመካከል የምንገኝ ነን። ስለዚህ መካከለኛውን መጽሐፍ ሳንቸኩል እናንብበው፤ የኛው ዕድሜ ታሪክ የተጻፈበት ነውና።