ሁምቦ፦ ከጉቶ የተነሳው ደን

"ዛፍ እንትከል" ሲባል ሁላችንም ቶሎ ትዝ የሚለን ጉድጓድና ችግኝ ነው። ወላይታ ዞን፣ ሁምቦ ወረዳ ያለው ተራራ ግን በአብዛኛው የለማው በችግኝ ሳይሆን በድሮ ጉቶ ነው።

🔹 ምን ሆኖ ነበር?
ደኑ ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ ሲባል አልቆ ተራራው ተራቁቶ ነበር። ዝናብ በጣለ ቁጥር አፈሩ ይታጠባል፤ ጎርፉ ደግሞ ከታች ያለውን ማሳ ይመታል።

🔹 ማን ጀመረው?
እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ወርልድ ቪዥን ከነዋሪው ጋር ሥራውን ጀመረ። 2,728 ሄክታር መሬት ተከለለ። ነዋሪው በሰባት የህብረት ሥራ ማህበራት ተደራጅቶ ደኑን የመጠበቅም የመጠቀምም መብት አገኘ። ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ባለቤት የሌለውን ዛፍ ማንም ይቆርጠዋል።

🔹 እንዴት ይሠራል?
ዛፉ ቢቆረጥም ሥሩ መሬት ውስጥ በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ሲያቆጠቁጥ ግን ከብት ይግጠዋል ወይ ሰው ይቆርጠዋል። ስለዚህ፦
👉 ከጉቶው ከሚወጡት ቀንበጦች ጠንካራዎቹን ጥቂት መርጦ ማስቀረት፣ ሌላውን መቁረጥ (ለማገዶ ይሆናል)
👉 የቀሩትን ከታች በኩል መግረዝ
👉 ከብት አለማስገባት፤ ሳሩን አጭዶ ቤት ማብላት
👉 ጉቶ በሌለበት ቦታ ችግኝ መትከል

ሥሩ ድሮውኑ ጠልቆ ስለገባ ቀንበጡ ከአዲስ ችግኝ ይልቅ ቶሎ ያድጋል፣ ድርቅም ይቋቋማል። ወጪውም ትንሽ ነው። ዘዴውን በ1980ዎቹ ኒጀር ውስጥ ያስፋፋው አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ ሲሆን፣ በ2018 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝቶበታል።

🔹 ገቢስ አለው?
አዎ። ፕሮጀክቱ በ2009 መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ንግድ ሥርዓት ተመዘገበ። የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድም ዛፎቹ ከአየር ከሚስቡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ 165 ሺህ ቶን ለመግዛት ተዋዋለ። ገንዘቡ የሚገባው ለማህበራቱ ነበር።

🔹 ከባዱ ነገር
መሬት ሲከለል መጀመሪያ የሚጎዳው ከብት የሚያሰማራውና ከሰል የሚሸጠው ሰው ነው። እሱ ሳሩንም፣ ማገዶውንም፣ ገቢውንም ካላገኘ አጥሩን ማንም አያስከብረውም።

ክረምት ላይ ችግኝ ይዛችሁ ስትወጡ መጀመሪያ መሬቱን እዩት። ጉቶ ካለ ጉቶውን አድኑ። ለምትተክሉትም "ማን ይጠብቀዋል?" የሚለው ከመትከላችሁ በፊት ይመለስ።